ከጅቡቲ አዲስ አበባ፦ የአንድ ሐዲድ ባለቤትነት

የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ገና ሲወጠን ጀምሮ ከአንድ መንግሥት ሥልጣን በላይ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሥራውን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዮን ሼፍኖ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። በውሉ መሠረት ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ሊዘረጋ ነበር። ወደቡ በፈረንሳይ እጅ፣ አገሩ በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሥር ስለነበሩ፣ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ አንድ ምሰሶ እንኳ ማቆም አይችልም ነበር።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ከባድና ውድ ስለነበረ መሐንዲሶቹ መስመሩን በቆላው አሳለፉት። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር ደርሶ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያ ተቆረቆረች።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አንድ እርምጃ አልተሄደም። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የድጎማ ውል ተፈራርሞ ነበር፤ ምኒልክ ግን አልተማከሩበትም። የንግድ ፈቃድ የሰጡት ለግል ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ የውጭ መንግሥት በአገራቸው ውስጥ ባለ ሐዲድ ላይ እጁን ሲያስገባ ዝም ብለው አላለፉም። ጥንቃቄያቸው ትክክል እንደነበረ ቀጣዩ ዘመን አሳይቷል። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በተፅዕኖ ክልል ተከፋፍለው ሲፈራረሙ፣ ባቡሩ ከዋና ጉዳዮቻቸው አንዱ ነበር። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ለአዲስ ኩባንያ ተሰጠና ሥራው ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ ሲራራ ነጋዴ ሳምንታት የሚፈጅበት መንገድ፣ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደሩ በሦስት ቀን የሚያልቅ ሆነ።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ግን የማታዝበትን ሐዲድ አደጋ በግልጽ ያሳየው 1927 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ከሙሶሊኒ ጋር በተዋዋለችበት ስምምነት የኩባንያውን የተወሰነ አክሲዮን ለኢጣሊያ አሳልፋ ሰጠች። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ሲወር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ለስደት ተሳፈሩ።

ይህ አለመመጣጠን የተስተካከለው በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ስምምነት ነው። ኩባንያው የኢትዮጵያ ሕግ የሚገዛው ሆነ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የአክሲዮኑም እኩሌታ የኢትዮጵያ ሆነ። ሰኔ 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ ጎረቤቲቱ አገር የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ተመሠረተ። ጊዜው አመቺ አልነበረም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው፣ መስመሩም ተቆርጦ ነበር። ያም ሆኖ ጫትና አትክልት የጫነው፣ የድሬዳዋ ነጋዴ ሴቶች ከነሸቀጣቸው የሚሳፈሩበት ባቡር ለሁለቱ አገሮች ሕዝብ ከማንኛውም ጉባኤ የበለጠ ቅርብ ግንኙነት ሆኖ ቆየ።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የአሰብ ወደብ ተዘጋና የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከሞላ ጎደል ጅቡቲ ላይ ወደቀ፤ አንድ ሜትር ስፋት ያለው አሮጌው ሐዲድ ግን ያን ሸክም ሊችል አልቻለም። በቻይና ብድርና ተቋራጮች የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር መስከረም 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር ላይ ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመረቀ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ወደ ጅቡቲ ይሄድ ነበር፤ ከሽንሌ በኩል የከርሰ ምድር ውኃም በቧንቧ ተከተለ። የወደብ ጥገኝነት በዚህ መንገድ በከፊል የሁለትዮሽ ሆነ። በአዲሱ የባቡር ኩባንያ ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ አላቸው። ሥራውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. ለሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ አስረክበዋል።