የቆየ ተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ መስታወት ሲዘገይ፡ ሞተር ከመግዛት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

በተለምዶ ፓወር ዊንዶ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ የበር መስታወት በአገልግሎት ብዛት እየዘገየ መሄዱ በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ የተለመደ ነው። ብዙ ባለንብረቶች መስታወቱ ጨርሶ እስኪቆም ይጠብቃሉ፤ ሲቆምም በቅድሚያ የሚነገራቸው ሞተሩ ይቀየር የሚል ነው። ይሁን እንጂ የመዘግየቱ መነሻ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ መድረቅና መቆሸሽ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት የችግሩን ቦታ እንዲለዩ፣ ከአላስፈላጊ ወጪና ከአደጋም እንዲጠበቁ ለማስቻል ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት

በበሩ ውስጥ በ12 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ ሞተር አለ። ይህ ሞተር በጥርሶች አማካኝነት የመስታወት ማንሻውን ያንቀሳቅሳል። ማንሻው እንደ መቀስ የተጣመረ ክንድ ወይም በመዘውር ላይ የሚዞር የብረት ገመድ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ደግሞ በሁለቱም ጎኑ በጎማ በተለበጠ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ጎማው በፀሐይ ይደርቃል፣ አቧራም በውስጡ ይጋገራል፤ በአፈርና በጠጠር መንገድ በሚመላለስ ተሽከርካሪ ላይ ይህ ፈጥኖ ይታያል። ሰበቃው ሲጨምር ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በዚህም የስዊቹ መገናኛዎች ይቃጠላሉ። መገናኛዎቹ ሲቃጠሉ ለሞተሩ የሚደርሰው ኃይል ያንሳል፣ መስታወቱም ይበልጥ ይዘገያል። ስለሆነም በጊዜው ባልተጸዳ ጎማ የተጀመረ ችግር ስዊቹንም ሞተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የችግሩን ቦታ ስለመለየት

በመጀመሪያ መታየት ያለበት የዘገየው አንድ መስታወት ብቻ መሆኑ ወይም ሁሉም መሆናቸው ነው። ሁሉም ከዘገዩ በር መፍታት አያስፈልግም፤ ምርመራው ከባትሪው ይጀመር። ጤናማ ባትሪ ተሽከርካሪው ጠፍቶ ባረፈበት ጊዜ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ተሽከርካሪው ተነሥቶ ዲናሞው በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ ልኬቱ በአብዛኛው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይሆናል። ተሽከርካሪው ሲነሣ መስታወቶቹ በመጠኑ መፍጠናቸው የሚጠበቅ ነው፤ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ግን ባትሪው መፈተሽ አለበት።

የዘገየው አንድ መስታወት ብቻ ከሆነ ቀላል ሙከራ አለ። ረዳት ሰው ስዊቹን ወደ ላይ ሲይዝ፣ እርስዎ መስታወቱን ከውስጥና ከውጭ በሁለት መዳፍ ይዘው ወደ ላይ በቀስታ ያግዙት። ጣቶችዎን ከላይኛው ጠርዝ ያርቁ፤ መስታወቱ ሊዘጋ ሲቃረብም ይልቀቁት። በትንሽ እገዛ ፍጥነቱ ከተመለሰ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ጎማው ነው። መስታወቱ ሲወርድ ከመውጣቱ ፈጠን ማለቱ በክብደቱ ምክንያት በመሆኑ ብቻውን እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

የተሳፋሪው መስታወት በራሱ በር ላይ ባለው ስዊች በደንብ ሠርቶ ከአሽከርካሪው በኩል ሲታዘዝ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ አሽከርካሪው ዋና ስዊች ይዞራል። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የመስታወቱ ፍጥነት የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሽቦ ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጊዜ ሠርቶ የሚቆምና ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሞተርም ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሞተሮች ከመጠን በላይ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያቋርጡበት መከላከያ አላቸው። እንዲህ ያለ ሞተር የሚጠቁመው ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን ነው።

ጎማውን ስለማጽዳት

መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ያውርዱ። ንጹሕ ጨርቅ በቀጭን እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ ጠቅልለው፣ ለስላሳ ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ አርሰው በሁለቱም ጎንና ከላይ ያለውን የጎማ ቦይ ይጥረጉ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ለዓመታት ያልተነካ ቦይ በአንድ ጊዜ አይጸዳም። ጎማው ከደረቀ በኋላ የሲሊኮን ስፕሬይ በቦዩ ውስጥ በስሱ ይንፉ፤ መስታወቱን ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ ካደረጉ በኋላም ወደ መስታወቱ የተረጨውን ይወልውሉ።

የሞተር ዘይት፣ ተራ ግሪስ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን መጠቀም አይገባም። እነዚህ ለጊዜው የሚያላሉ ቢመስሉም ጎማውን ያበላሻሉ፣ አቧራም ይሰበስባሉ። ጎማው ተሰነጣጥቆ ወይም ከቦዩ ወጥቶ ከሆነ ማጽዳት ስለማይጠቅመው መቀየሩ ይመረጣል።

በስዊች ላይ ቅባት ማድረግ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል

ለጎማው የሚነፋው ስፕሬይ ወደ ስዊቹ እንዳይገባ ከፍተኛ ጥንቃቄ መደረግ አለበት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 በዓለም ዙሪያ 7.4 ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪዎችን ለጥገና የጠራው በአሽከርካሪው በር ላይ ባለው ዋና የመስታወት ስዊች ምክንያት ነበር። የስዊቹ ግሪስ በወጥነት ባለመቀባቱ ስዊቹ ሊሻክር እንደሚችል የገለጸው ኩባንያው፣ ባለንብረቶች ይህን ለማለስለስ በገበያ የሚገኝ ቅባት ቢጠቀሙ ስዊቹ ሊቀልጥ፣ ጭስና እሳትም ሊያስነሣ እንደሚችል አሳስቧል። በ2015ም ከዚሁ ስዊች ጋር በተያያዘ 6.5 ሚሊዮን ገደማ ተሽከርካሪዎች ተጠርተዋል። በጥሪዎቹ ከተካተቱት መካከል በሀገራችን በብዛት የሚታዩት ቪትዝና ኮሮላ ይገኙበታል። በመሆኑም ከእነዚህ ጥሪዎች በፊት በነበሩት ዓመታት የተመረተ ተሽከርካሪ ያላቸው ባለንብረቶች የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የአምራቹን ሕጋዊ ወኪል እንዲጠይቁ ይመከራል።

ከስዊቹ የመቃጠል ሽታ ከወጣ ወይም ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ መስታወቱን መጠቀም ያቁሙ። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ከተፈቀደው አምፒር በላይ የሆነ ፊውዝ ወይም ቁራጭ ሽቦ ማስገባት ችግሩን ወደ እሳት ቃጠሎ ማሸጋገር ነው።

ለባለሙያ የሚተው ሥራ

ጎማው ከጸዳ በኋላም መስታወቱ ከዘገየ የበሩን ሽፋን መፍታት ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቢያከናውነው ይመረጣል። ክንድ ባለው ማንሻ ላይ የተወጠረ ስፕሪንግ ስለሚኖር፣ ሞተሩ ያለ ጥንቃቄ ሲፈታ ክንዱ በድንገት ተፈናጥሮ እጅ ሊጎዳ ይችላል። በበሩ ውስጥ ኤርባግ ያለው ተሽከርካሪም አለ።

ባለሙያው ሞተሩን ከመኮነኑ በፊት መስታወቱ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በሞተሩ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር እንዲለካ ይጠይቁት። ልኬቱ ከባትሪው በብዙ ካነሰ ችግሩ በስዊቹ፣ በሽቦው ወይም በኔጋቲቭ መስመሩ ላይ ነው። በቂ ቮልት እየደረሰው የሚዘገይ ከሆነ ሞተሩ ከመስታወቱ ተላቅቆ ለብቻው ይሞከር፤ ለብቻው በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የማንሻው ወይም የጎማው ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ ተሽከርካሪዎች ላይ የበሮቹ ሽቦ ተቀጥሎ ሊሆን ስለሚችል ቅጥያዎቹ አስቀድመው ይታዩ።

የሕፃናት ደህንነት

የዘገየ መስታወት አቅም የሌለው አይደለም። ቀስ እያለም ቢሆን የሕፃንን ጣት፣ ክንድ ወይም አንገት ለመጉዳት የሚበቃ ኃይል አለው። በብዙ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ እንቅፋት ሲገጥመው ወደ ኋላ የሚመለስ መስታወት የለም፤ ስዊቻቸውም በሕፃን ጉልበት ወይም እግር ሊጫን የሚችል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሕፃናት በሚሳፈሩበት ጊዜ በአሽከርካሪው በኩል ያለውን የመስታወት መቆለፊያ መጠቀም፣ ከተሽከርካሪው ሲወርዱም ቁልፉን ነቅሎ መያዝና ሕፃናትን ብቻቸውን አለመተው ያስፈልጋል። መስታወቱ ከጥገና በኋላ ፍጥነቱ ስለሚመለስ ይህ ጥንቃቄ ያኔም አይቋረጥም።

ያገለገለ ሞተር ስለመግዛት

ሞተሩ በእርግጥ መቀየር ካለበት የግራና የቀኝ፣ የፊትና የኋላ በሮች ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የማይለዋወጡ በመሆናቸው አሮጌውን ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ከባትሪ ጋር ተገናኝቶ በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር ማየትና ደረሰኝ መቀበል ተገቢ ነው። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። ጋራዡም የተፈታውን አሮጌ ሞተር እንዲመልስልዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነጋገሩ።