የአንድ ከተማ ሁለት ስሞች

ሁለት ቃላት አንድን ነገር ሲያመለክቱ በሰዋስው ተመሳሳይ ይባላሉ። ይሁን እንጂ አንድን ነገር መጥራት አንድ ትርጉም መያዝ አይደለም። ለዚህም ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ምስክር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በኤጀርሳ አዲስ መዲና ሊቆረቁሩ ሲነሡ ስፍራውን «አዲስ ዓለም» አሉት። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። የቀድሞው ስም የምድሩን ዛፍ፣ የኋለኛው የንጉሡን ምኞት ይናገራል። መዲናነቱ ሳይጸና ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሆለታም «ገነት» የሚል ስም ተጨመረላት፤ በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ሁለቱን ስሞች አጣምሮ «ሆለታ ገነት» ሲባል ኖሯል።

አምቦ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተሰኘች። ግእዛዊው ስም በፍል ውሃዋ ለምትታወቅ ከተማ የሚስማማ ውብ ስም ነበር። የመንግሥት ጽሕፈትና ካርታ ተቀበሉት፤ ሕዝቡ ግን «አምቦ» ማለቱን አልተወም። ማዕድን ውሃዋ በጠርሙስ ታሽጎ በየአገሩ ሲዳረስም ስሙ ከከተማዋ አልፎ የመጠጡ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ በየምግብ ቤቱ «አንድ አምቦ» የሚል ሰው የሚጠይቀው ጋዝ ያለውን ውሃ ነው። የተጸውዖው ስም የወል ስም ሆነ።

እንግዲህ ተመሳሳይ ቃላትን የሚያስተምር ሁሉ ፍቺያቸውን ብቻ ሳይሆን ታሪካቸውንም ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ማን ሰየመ? ማንስ ተቀበለ? ስም በዐዋጅ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚጸናው ግን በተናጋሪው ሕዝብ አንደበት ነው።