ስለ «ዘ» እና ስለ «የ» ዝምድና

በገለምሶ ገበያ አንድ በሬ ቆሞ ሲታይ፤ አማርኛ ተናጋሪው «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ከን ኤኙቲ?» ይላል። ባለቤቱን ከከብቱ ጋር የምታስተሳስረው በአማርኛ «የ»፤ በኦሮምኛ «ከን» ናት። በቤተ ክህነት ያደገ ሰው ደግሞ በዚሁ ስፍራ «ዘ» ማለትን ከሕፃንነቱ ለምዷል፤ «አቡነ ዘበሰማያት» የሚለው የጸሎቱ ስም ይበቃዋል።

ከተማሩት ወገን ብዙዎች «የ» የ«ዘ» ብልሽት ናት፤ አማርኛም ከግዕዝ ሲወለድ ፊደሉን ጥሎ መጣ ይላሉ። በዚህ አባባል እውነት አለበት፤ ነገር ግን ልጅን ከእኅት አይለይም።

በግዕዝ «ዝ» ማለት «ይህ» ማለት ነው፤ «ዘ»ም ከዚያው ሥር የወጣች ናት። እንግዲህ ቃሊቱ አስቀድማ ጠቋሚ ጣት ነበረች፤ ቆይታ ማሰሪያ ሆነች። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የኢዛና ጽሑፈ ድንጋይም የግዛቶቹን ስም ሲቈጥር በየስሙ ፊት «ዘ»ን ይደጋግማታል። በዕብራይስጥ «ዜ» እስከ ዛሬ «ይህ» ማለት ነው። በዓረብኛም «ዙ» ባለቤትነትን ታመለክታለች፤ የገለምሶ እስላሞች የሐጁን ወር «ዙልሒጃ» ሲሉ ይህችኑ ቃል ይጠሯታል። ጠቋሚው ማሰሪያ መሆኑ የሴማውያን ብቻ አይደለም፤ ጀርመኖችም «ዴር» የሚሏትን ቃል ለመጠቆምም «የሆነው» ለማለትም ያገለግሉባታል።

የአማርኛ ምስክርነት ግን ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው፤ በሰው ሁሉ አፍ እያለ አይታይም። «ይህ» ይባላል፤ «በ» ሲቀድመው ግን «በይህ» አይባልም፤ «በዚህ» ይባላል። «ለዚህ»፤ «ከዚያ»፤ «እነዚህ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። የተሰወረው «ዘ» በቃሉ መነሻ «የ» ሲሆን፤ ሌላ ፊደል ሲቀድመው ግን ተጠብቆ ቀርቷል። «ዘመን»ና «ዘር»ስ ስለ ምን አልተለወጡም? ቢሉ፤ ለውጡ የደረሰው እጅግ ተደጋግማ በምትነገረው በትንሿ ቃል ላይ ነው፤ ብዙ እግር የሚረግጠው ደረጃ አስቀድሞ ይበላልና።

ሁለተኛው ምስክር ከገለምሶ በስተ ምሥራቅ፤ በሐረር ግንብ ውስጥ ይገኛል። የከተማይቱ ልሳን ጌይ ሲናን፤ አማርኛ «የመጣ» ሲል «የ» በሚያደርግበት ስፍራ ዛሬም «ዚ» ታደርጋለች። ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የቋንቋዎች ምደባ፤ ጌይ ሲናንንና አማርኛን በአንድ የደቡብ ቅርንጫፍ ሲያኖር፤ ግዕዝንና ትግርኛን በሰሜኑ አኖራቸው። ትግርኛም «ዝመጸ» ትላለች። እንግዲህ «ዘ» በሁለቱም ቅርንጫፍ ከተገኘች፤ ከመለያየታቸው በፊት የነበረች የጋራ ርስት ናት፤ አማርኛም ከግዕዝ የተዋሰቻት ወይም ያበላሸቻት አይደለችም፤ ከአያቷ ወርሳ በአፏ ያለዘበቻት ናት።

ስለ ጾታ ደግሞ አማርኛ ርስቷን አጥብባለች። ግዕዝ ለወንድ «ዘ»፤ ለሴት «እንተ»፤ ለብዙ «እለ» ይላል፤ ምንም እንኳ «ዘ» ብዙ ጊዜ ሁሉን ጠቅልላ ብትገባ። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንዲት «የ» ትጨርሰዋለች። የሐረርጌ ኦሮምኛ ግን ለወንድ «ከን»፤ ለሴት «ተን» እያለ ይለያል፤ ስለዚህ በዚያው በገለምሶ ገበያ በሬው ተሽጦ ላሚቱ ስትቀርብ፤ ጥያቄው «ተን ኤኙቲ?» ይሆናል፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን እንደ ቀድሞው «የማን» ብሎ ይጀምራል።