ሶዶ ላይ የቀሩት

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጊዜ ያላችሁ ተቀመጡ፣ ከኋላ ያላችሁም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህ ታሪክ ችኮላ አይወድም። ነገሩ የሆነው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ሶዶ ከተማ ቆማችሁ ሽቅብ ብታዩ ዳሞታ ነው፤ ቁልቁል ብታዩ ደግሞ፣ ሰማዩ የጠራ ዕለት፣ አባያ ሐይቅ ከሩቅ ያብረቀርቃል። በየጓሮው እንሰት አለ፣ መሬቱ ቀይ ነው፣ የበልግ ዝናብ የጣለ እንደሆነ ጭቃው እግር ይይዛል።

ብዙዎች ወንጌል ወደ ወላይታ የገባበትን ይህን ታሪክ ሲያወሩ ከውጭ ከመጡት ሚሲዮኖች ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከኢሳ ላሌ እጀምራለሁ። ኢሳ የጋሞ ሰው ነው። ሚሲዮኖቹ አገሩ ሳይገቡ፣ ይህ ሰው ከደጋው ተነሥቶ፣ ከጋሞ ወደ ወላይታ እየተሻገረ፣ ሰማይና ምድርን የፈጠረ፣ ጦሳ የሚባል አንድ አምላክ አለ፣ ለእርሱ ብቻ ጸልዩ፣ ጣዖታችሁን ተዉ እያለ ይሰብክ ነበር፤ ሕዝቡም ሰማው፣ ከዚያም ተከተለው፣ ከዚያም ሹማምንቱ ሕዝብ ሲከተለው አይተው ፈሩና አሰሩት። ዘሩ ግን ወድቆ ነበር። እግዚአብሔር አገር ውስጥ የሚገባው በእኛ ሻንጣ አይደለም፤ ቀድሞን ይደርሳል። ለወጣት አገልጋዮች ይህን ደጋግሜ የምናገረው አዲስ ሰፈር ስንሄድ ሥራው ከእኛ የተጀመረ ስለሚመስለን ነው።

ከዚያ በኋላ በ1920 ዓ.ም. እነ ዶክተር ቶማስ ላምቢ መጡ። አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎችን እየመራ ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በቅሎ ጭነው፣ ድንኳን ይዘው፣ አንዱን ወንዝ ሲሻገሩ ሌላው እየጠበቃቸው፣ ወደ ደቡብ ወረዱ። ያሰቡት ጅማ መድረስ ነበር። ጅማ ግን አልደረሱም፤ መንገዱ በሆሳዕና፣ በሶዶና በሲዳማ ያዛቸውና እዚያው ድንኳን ተከሉ፣ ከዚያም ቤት ሠሩ፣ ከዚያም በሽተኛ ማከም፣ ልጆች ማስተማርና ቋንቋውን መማር ያዙ።

አሁን ልብ በሉ። ሶዶ በደረሱ በስድስተኛው ዓመት ግድም፣ በ1926 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ የወላይታ አማኞች ተጠመቁ። 10 ሰዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ በቅሎ፣ ይህ ሁሉ ወባ፣ ይህ ሁሉ የቋንቋ ትግል፣ ከዚያ 10 ሰው! የኅብረቱ ቁጥር አላድግ ብሎት አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ የሚመጣ ወጣት መሪ ሁልጊዜ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ልጆች መጡ፣ ባለፈው ሳምንትም ስድስት ነበሩ ይለኛል። እኔም ሻይ አስቀርቤለት የእነዚህን አሥር ሰዎች ነገር አጫውተዋለሁ። ቁጥሩን እንዲንቀው ብዬ አይደለም። ስድስቱን በስማቸው እንዲያውቃቸው፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን ፈተና እንደወደቀ እንዲያውቅ ብዬ ነው። ሶዶ ላይ የነበሩት አስተማሪዎች ጊዜ ወስደው አስተማሩ፣ ለማጥመቅ አልቸኮሉም፣ ካመኑት መካከልም ሽማግሌዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ይህን አደራ እንዳትረሱት፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር መሠረቱ እዚህ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረረን፣ በማግሥቱም ዓመት ሠራዊቱ ወላይታ ደረሰ። ሚሲዮኖቹ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ነው፤ የበልግ ወቅት፣ እንሰቱ ለምልሞ፣ ደመናው ዳሞታ ላይ የሚንጠለጠልበት ወራት። 19 አዋቂዎችና 7 ልጆች በወታደር የጭነት መኪና ተሳፈሩ። ሊሸኟቸው የወጡት አማኞች ጥቂት ናቸው፤ የተጠመቁት ሁሉ ቢቆጠሩ 48 ነበሩ። መኪናዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ የቀሩትም እጃቸውን እያውለበለቡ ቆሙ፣ ተሳፋሪዎቹም መንገዱ ታጥፎ ተራራው እስኪጋርዳቸው ድረስ ወደ ኋላ እያዩ ሄዱ። በልባቸው የያዙት አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ቀን ብንመለስ የምናገኘው ይኖር ይሆን?

ጥያቄው የእምነት ማነስ አይምሰላችሁ። ሶዶ የቀሩትን እስቲ አስቡ። በገዛ ቋንቋቸው የነበራቸው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቀነጨበ ጥቂት ነገር እንጂ። ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ ነው። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የለም፣ የሚያማክሩት የለም፣ አብዛኞቹ በእምነት ገና ለጋ ናቸው፣ በላያቸው ላይ ደግሞ የማይወዳቸው መንግሥት ቆሟል።

ታዲያ ምን አደረጉ? ተነሡና ሄዱ። በገበያ ቀን ወደ ገበያ ሄዱ፣ ልቅሶ ሲኖር ወደ ልቅሶ ሄዱ፣ ማታ ማታ ወደ ጎረቤት ቤት ሄዱ፣ የሚያውቁትንም ያንኑ ጥቂት ነገር ተናገሩ። የሰማው ለሌላው ነገረ፣ ያም ለሌላው፤ ከዚያም የሣር ክዳን ያለው የጸሎት ቤት እዚህም እዚያም ቆመ። የቆመውን ሲያፈርሱባቸው ሌላ ሠሩ።

ዋንዳሮ ዳባሮ የሚባል ሰው ነበረ፤ ስሙን ያዙልኝ። ከቀደሙት አማኞች አንዱ ነው፣ ዝም በል ሲባል ዝም የማይል ሰው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ገረፉት፣ ከዚያም አሰሩት፣ ቢፈታም መስበኩን አልተወም። እርሱ ብቻም አይደለም፤ ብዙ መሪዎች ታስረው ተገረፉ፣ ከግርፋቱ የተነሣ የሞቱም አሉ። ይህን ስናገር ድምፄ ይሰበራል፣ ቢሰበርም አላፍርበትም።

ጣሊያኖቹ ግን አንድ ነገር አልገመቱም። በዚያ ዘመን እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው፤ ዘመድ ከሌለው ይራባል። አማኞቹም ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ እየተሸከሙ መጡ፣ ሴቶቹ በራሳቸው፣ ልጆቹ በእጃቸው፣ ከየመንደሩ፣ በዚያ ጭቃ፤ ታሳሪዎቹም የመጣላቸውን ለብቻቸው አልበሉም፣ ጠያቂ ከሌለው እስረኛ ጋር ተካፈሉ። ሌባው በላ፣ ነፍሰ ገዳዩ በላ፣ ከሌላ አገር መጥቶ የታሰረውም በላ። ከዚያም እነዚያ የበሉት፣ የምታበላን ለምንድን ነው፣ የማታውቀን ሰው፣ ብለው ጠየቁ። ስብከቱ የተጀመረው ጥያቄው ሲመጣ ነው። እኛ ማይክ ይዘን፣ ማንም ያልጠየቀንን ስንመልስ የምንውልበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። በወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ለምግብ፣ ለሕመምተኛ መጠየቂያ፣ የቤት ኪራይ ለጎደለበት ተማሪ የሚመደበው በጀት ሁልጊዜ ከድምፅ መሣሪያው በኋላ የሚታሰበው ለምንድን ነው? እኔ ባለሁበት ቦታ ይህ እንዲቀየር እፈልጋለሁ፣ ስለዚህም ሳልታክት እናገራለሁ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ከዚያ በኋላ ሚሲዮኖቹ አንድ በአንድ መመለስ ጀመሩ፤ ያንን የመንገድ መታጠፊያ እያሰቡ፣ የተውለበለበውን እጅ እያሰቡ። ሲደርሱም ቆጥረው የተዋቸውን 48 ሰዎች ፈልገው ሊያገኙ አልቻሉም፣ ከብዛቱ የተነሣ። የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ወጣቶች እየመጡ፣ የእኛ የመምራት ተራ መቼ ነው፣ ይሉኛል። ሽማግሌዎች ደግሞ፣ ልጆቹ ገና ናቸው፣ ይሉኛል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ሁለቱንም ሶዶ ይዣቸው እሄዳለሁ። ገና ናቸው ለምትሉ፦ እነዚያ 48ቱ ገና ያልሆኑት በምን ነበር? ተራችን መቼ ነው ለምትሉም፦ እነዚያ 48ቱ ለዓመታት ቁጭ ብለው ተምረው ነበር፣ ማንም መድረክ ሳይሰጣቸው ጎረቤታቸውን ይጠይቁ ነበር። የወላይታ እናቶች የእንሰትን ጠባይ ያውቃሉ፤ ችግኙ ከበቀለበት ተነቅሎ ሌላ ቦታ ካልተተከለ፣ ከዚያም እንደገና ተነቅሎ ካልተተከለ፣ እንደሚገባው አይወፍርም። ሚሲዮኖቹ ወደውና አቅደው የሄዱ አይደሉም፣ ይህን አልሸፍንም፤ ያስወጣቸው ጠመንጃ ነው። እኛ ግን ጠመንጃ ሳይመጣብን፣ በሰላም ቀን፣ በገዛ እጃችን ቁልፉን ለወጣቶቹ ማስረከብ እንችላለን፤ የአዳራሹን ቁልፍ፣ የገንዘቡን መዝገብ፣ የስብከቱን ተራ። ከጎናቸውም አንጠፋም፣ ግን መሪውን ይዘው የሚነዱት እነርሱ ይሆናሉ።

ታሪኩ ወላይታ ላይ አላበቃም። ግርፋቱ ያልዳነላቸው ሰዎች፣ ቁስላቸው ጠባሳ ሳይሆን፣ ሌላውን አገር ማሰብ ጀመሩ። ወንጌላውያን ከነሚስቶቻቸው፣ ሕፃን አዝለው፣ ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው፣ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ ሄዱ፤ እነ ማሄ ጮራሞም እስከ ደቡብ ኦሞ ቆላ ድረስ ወረዱ። ቋንቋው ሌላ ነው፣ ወባው ብርቱ ነው፣ የሚቀበላቸው ዘመድ የለም። በየደረሱበት የተከሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው ዛሬ ቃለ ሕይወት ከምንለው ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቆጠሩት።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፣ ደርግ መጣ፣ በወላይታም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በጣሊያን ጊዜ ወጣት የነበሩት ያን ጊዜ ሽበታም ሽማግሌዎች ሆነው ነበር። አማኙም በየቤቱ ተከፋፍሎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጸልይ ጀመር፤ በብዙ ቤት ውስጥም ቃሉን የሚያካፍለው ወጣት ነበር፣ ሽማግሌውም ከጎኑ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

ከመካከላችሁ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከከምባታ፣ ከሲዳማ አያት ያላችሁ ትኖራላችሁ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ወር ሂዱ፤ እስር ቤት ምግብ የተሸከመችው ማን እንደነበረች፣ የጸሎት ቤቱን ሣር ማን እንዳመጣ፣ በደርግ ጊዜ በማን ቤት እንደተሰበሰቡ ጠይቋቸው። መጽሐፍ ላይ የሌሉ ስሞች እርሳቸው ዘንድ አሉ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ፣ ስሞቹንም ጻፉና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ከእናንተ አንዱ ቆሞ ያነበናል፣ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።