ዕድሜው ስለቱ ሥር የተጻፈ ሰንጢ

«ባክ 110» የተባለውን የአዳኞች ሰንጢ ላይ ላዩን ላየው ሁሉም አንድ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ነሐስ፣ መሐሉ ጥቁር እንጨት፣ ሲከፈት ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ስለት። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮኖች ስለተሠራ የቀድሞውን ከኋለኛው መለየት የሰብሳቢዎች ዋና ሥራ ሆኗል።

የባክ ቤተሰብ ሙያ የሚጀምረው ከካንሳስ ነው። የአንጥረኛ ተለማማጁ ሆይት ባክ በ1902 ያረጁ ሞረዶችን እያጋለ ቢላዋ ይሠራ ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይዳሆ ውስጥ ፓስተር ሆኖ ሳለ ለወታደሮችም ሠርቷል። 110ን ለገበያ ያበቃው ግን ልጁ አል ነው፤ ሳንዲያጎ ላይ። እስከዚያ የአብዛኛው አዳኝ ምርጫ ከወገቡ የሚንጠለጠል ባለአፎት ቢላዋ፣ አለዚያም ሥጋ ሲበልቱበት ጣት ላይ ሊታጠፍ የሚችል ሰንጢ ነበር። አዲሱ ግን እጀታው ጀርባ ላይ ያለው ብረት ካልተጫኑት አይታጠፍም።

ዕድሜውን የሚሻ ሰው ስለቱን ይክፈትና ከማጠፊያው አጠገብ ያለውን ማህተም ያንብብ። የመጀመሪያዎቹ ላይ «ባክ» ብቻ ተቀርጿል፤ ቆይቶ «ዩ.ኤስ.ኤ.» ተጨመረ፤ 110 የሚለው ቁጥር የመጣው በ1972 ነው። በዚያው አሥርት ዓመት አጋማሽ ከቁጥሩ ጎንና ጎን ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ከ1986 ወዲህ ደግሞ ዓመቱን የሚያመለክት ምልክት ይታተማል። ብረቱም ተለዋውጧል። የጥንቱ 440ሲ ስለቱን ብዙ ቢያቆይም አንዴ ከዶለዶመ ለመሳል ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በ425ኤም፣ በ1990ዎቹ በ420ኤችሲ ተተካ። እጀታውን በጣት መዳሰስም ይረዳል፤ የድሮዎቹ ነሐስ ማዕዘኑ የሾለ ነው፣ የኋለኞቹ ክብ ብሏል። (ነሐሱን እስኪያብለጨልጭ የሚወለውል ሻጭ ይህን ማስረጃ እያጠፋ መሆኑን ልብ አይልም።)

ማህተሙን ብቻ ማመን ግን አይበቃም። ፋብሪካው ለጥገና የተላከለትን ሰንጢ አዲስ ስለት ገጥሞ ይመልስ ስለነበር፣ እጀታው የ1960ዎቹ ሆኖ ስለቱ የ1990ዎቹ የሆነ ያጋጥማል። ሻጩ «የመጀመሪያው ነው» ብሎ ሲምል ስለቱ ላይ 110 ከተነበበ፣ ቢያንስ ስለቱ ከ1972 አይቀድምምና ዋጋውን በዚያው ልክ መከራከር ነው።