«ጥሬ»፣ «አዲስ»፣ «ዕድሜ ጠገብ»፤ የፑኧር ሻይ መመዘኛ ቃላት ታሪክ

የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዚያው ሙያ የዋጋ ታሪክ ነው። ቀማሽና ነጋዴ በአንድ ቃል ፍቺ ሲስማሙ ዕቃው ዋጋውን ያገኛል፤ ፍቺው ሲላላ ግን የሚጎዳው ገዢው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ በቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር በሚመረተው የፑኧር ሻይ፣ በተለይም ከዕድሜ ጠገብ ዛፎች ተለቅሞ ገና ብዙ ባልቆየው ሻይ መመዘኛ ቃላት አማካይነት ለማሳየት፣ በመጨረሻም ለተርጓሚዎች ይበጃሉ የምንላቸውን የአማርኛ አቻዎች ለማመልከት እንሞክራለን።

1. የስሙ አመጣጥ

«ሻይ» የሚለው ቃላችን በፋርስኛና በዐረብኛ በኩል አልፎ የደረሰን የቻይንኛው «ቻ» ዘር ነው። «ፑኧር» ግን የቦታ ስም ነው። የዩናን ሻይ በጽሑፍ መጠቀስ የጀመረው በ9ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ስሙ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1729 የቺንግ መንግሥት የፑኧርን አውራጃ ካቋቋመ በኋላ ነው። ከተማዋ የሻይ መሰብሰቢያና መነገጃ በመሆኗ፣ ሻዩ የበቀለበትን ተራራ ስም ትቶ የተሸጠበትን ገበያ ስም ያዘ። የ«ሞካ» ቡና ስያሜም በዚሁ መንገድ ከወደብ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ሲማዎ ትባል የነበረችው ከተማ በሻዩ ዝና ምክንያት ፑኧር ተብላ ተሰየመች።

2. ጥሬና የበሰለ

ከ1970ዎቹ በፊት ይህን ሻይ «ሸንግ»፣ ማለትም «ጥሬ» ብሎ መለየት እምብዛም አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኩንሚንግ የሻይ ፋብሪካ ቅጠሉን ከምሮና ውኃ አርከፍክፎ በሳምንታት ውስጥ የማብላላት ዘዴ ተሠራበት። ዓላማው ጥሬው ሻይ በመጋዘን ውስጥ በብዙ ዓመታት የሚያገኘውን ለውጥ ማፋጠን ነበር። አዲሱ «ሾው»፣ የበሰለ ሲባል፣ ነባሩ ቅጽል ተጨመረለት። የእጅ ስልክ ሲመጣ የቀድሞው «ስልክ» «የቤት ስልክ» እንደ ተባለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ያለችግር ይገጥማል። «ሾው» በእሳት የበሰለውንም በጊዜ የበሰለውንም እንደሚያመለክት ሁሉ፣ የእኛም «በሰለ» ለወጥም ለፍሬም ይሆናል። ነገር ግን «ጥሬ» «አዲስ» ማለት እንዳልሆነ ተርጓሚው ልብ ይበል፤ 30 ዓመት በመጋዘን የቆየ ሻይ ካልተከመረና ካልተብላላ እስካሁን ጥሬ ነው የሚባለው።

3. ከቅጠል ደረጃ ወደ ዛፍ ዕድሜ

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመንግሥት ፋብሪካዎች የልዩ ልዩ ቦታዎችን ቅጠል ቀላቅለው ይሠሩ ነበር። «7542» የሚለው ታዋቂ ቁጥር ይህን ያስረዳል፤ 75 ቅመራው የተወጠነበት ዓመት፣ 4 የቅጠሉ ደረጃ፣ 2 ደግሞ የመንግሃይ ፋብሪካ ምልክት ነው። የዛፉ ዕድሜ በቁጥሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

የገበያው ቋንቋ የተለወጠው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴንግ ሺሃይ ስለ ፑኧር የጻፉት መጽሐፍ በታይዋን ሲወጣ የሰብሳቢዎች ፍላጎት ተነሣሣ። ከዚያም «ጉሹ»፣ ማለትም «ጥንታዊ ዛፍ» የሚለው ቃል በጥቅጥቅ እርከን ከተተከለው ሻይ፣ ከ«ታይዲ»፣ በተቃራኒ የዋጋ ቃል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 የፑኧር ገበያ ንሮ ሲወድቅ ብዙዎች ከሠሩ፤ ቃሉ ግን አልወደቀም። እንደ ላዎባንጃንግና ቢንግዳዎ ያሉ መንደሮች ስም ብቻውን ዋጋ የሚያስጨምር ሆነ።

የ2008ቱ አገራዊ ደረጃ ፑኧርን የሚተረጉመው በቦታው፣ በዩናን ትልቅ ቅጠል ዝርያውና በፀሐይ በመድረቁ ነው። የዛፍ ዕድሜ በትርጓሜው ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የዩናን የጥበቃ ድንጋጌ 100 ዓመትን ወሰን አድርጓል፤ በዚያው ዓመት የብላንግና የዳይ ሕዝቦች በደን ጥላ ሥር ያለሙት የጂንግማይ ተራራ ጥንታዊ የሻይ ደን በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ድንጋጌው የትኛው ዛፍ እንደሚጠበቅ ይናገራል እንጂ፣ በወረቀት የተጠቀለለው 357 ግራም ጥፍጥፍ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተለቀመ አይመሰክርም። ምስክርነቱ ለቀማሽ ተተወ።

4. የቀማሽ ቃላት

ቀማሹ 7 ወይም 8 ግራም ሻይ 100 ሚሊ ሊትር ያህል በሚይዝ ባለክዳን ሲኒ ውስጥ አድርጎ፣ የፈላ ውኃ እየደጋገመ ያፈስበታል፤ በየጊዜው ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ያጠልለዋል። አዲስ ጥሬ ሻይ መራራ («ኩ») እና አፍ የሚይዝ («ሰ») ነው። ምሬቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ የላዎባንጃንግ ሻይ የሚወደሰው በብርቱ ምሬቱ ነው። የሚጠየቀው ምሬቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚፈታና ከኋላው ምን እንደሚተው ነው። ቻይንኛ የስኳርን ጣፋጭነት «ቲየን»፣ ከምሬት በኋላ በጉሮሮ የሚመጣውን «ጋን» ይለዋል፤ የዚህም መመለስ «ኹይጋን» ይባላል። ጥሩ ሻይ ከብዙ ውኃ በኋላም ጉልበቱን ይይዛል፤ ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ድርቀት ግን እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ቅምሻ ሊታለል ይችላል። ቅጠሉ በብረት ምጣድ ላይ ከመጠን በላይ ከተቆላ መዓዛው ወዲያው ያስደስታል፤ ሻዩ ግን በቆይታ የመሻሻል ዐቅሙን ያጣል። አዲስ ፑኧር የሚገዛው ደግሞ ዛሬ ስለሆነው ብቻ ሳይሆን ወደፊት ስለሚሆነው ነው። ስለሆነም ምላስ «ይህ ሻይ ጥሩ ነው» ለማለት ይችላል፤ «ዛፉ 300 ዓመት ሞልቶታል» ለማለት ግን አይችልም። የገበያው ብዙ ክርክር የሚመነጨው «ጉሹ» እነዚህን ሁለት ፍርዶች በአንድ ቃል ስለሚያጣብቅ ነው።

5. የአቻዎች ሐሳብ

ለ«ጉሹ» «አሮጌ ዛፍ» አንልም፤ «አሮጌ» ያገለገለና ያረጀ ዕቃን ያስታውሳል። «ዕድሜ ጠገብ ዛፍ» ክብሩን ይጠብቃል። «ለጋ» ለቅጠሉ፣ «አዲስ» ለሻዩ ይሁን፤ ከዕድሜ ጠገብ ዛፍ ለጋ ቅጠል ተለቅሞ አዲስ ሻይ ይሠራልና። ለ«ታይዲ» «የእርከን ሻይ»፣ ለ«ኹይጋን» «ተመላሽ ጣፋጭነት» እንመርጣለን፤ «ጣፋጭ» ብቻውን ሁለቱን የቻይንኛ ቃላት አይለይም። በየተራ የሚፈሰውን ውኃ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ማለት የሚያጓጓ ቢሆንም አይበጅም። የቡናችን ስሞች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም መቅጠንን ይነግራል፤ ይህ ሻይ ግን በ3ኛው ወይም በ4ኛው ውኃ ሊበረታ ይችላል። «1ኛ ውኃ፣ 2ኛ ውኃ» ይበቃል።

በመዝገበ ቃላት ሊሰፍር የሚገባው ፍቺ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ሻይ፤ (ስም) 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የሻይ ዛፍ የተለቀመ። በንግድ፣ ሻጩ እንዲህ ነው የሚለው። የጣዕም ደረጃን አያመለክትም።