የተገጣጣሚ ቤቶች ቁጥጥር በኢትዮጵያ

ተገጣጣሚ ቤት ግድግዳው፣ ወለሉ ወይም ጣሪያው በፋብሪካ ተሠርቶ ወደ ቦታው ከተጓጓዘ በኋላ የሚገጣጠም ቤት ነው። በኢትዮጵያ ለብቻው የሚታይ የቤት ዓይነት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሕንፃ የሚታይ ሲሆን፣ የቁጥጥሩ ሕጋዊ መሠረት የተጣለው በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው።

የአዋጁ ሽፋን

አዋጁ «ሕንፃ» ሲል ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካም ሆነ ለሌላ አገልግሎት የሚውል ቋሚ ወይም ጊዜያዊ ግንባታን ያጠቃልላል። ስለዚህ አንድ ቤት ተፈታትቶ መነሣት መቻሉ ብቻውን ከፈቃድ ነፃ አያደርገውም። አዋጁ በዋናነት የሚሠራው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነው። የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደብረ ታቦር በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ55 ሺህ በላይ ነዋሪ ስለነበራት በዚህ ውስጥ ትወድቃለች።

የሕንፃ ምድቦች

* ምድብ ሀ፦ በመዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ሕንፃ፣ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት።
* ምድብ ለ፦ ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ፎቅ ያለው፣ በምድብ ሐ ያልተካተተ ሕንፃ።
* ምድብ ሐ፦ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ፣ ወይም ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ።

በደጋው የሚዘወተረው የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤትም ሆነ በፋብሪካ የተሠራ አነስተኛ መኖሪያ፣ ሁለቱም በምድብ ሀ ይመደባሉ።

አፈጻጸም

ሕጉ የፌዴራል ቢሆንም ሥራው የከተማ አስተዳደሮች ነው። ገንቢው በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎም የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። በከተማው የተሾመው የሕንፃ ሹም ፕላኑን ይመረምራል፣ ግንባታውን ይከታተላል፣ ሕግ ሲጣስም ሥራውን ያስቆማል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

በኮንዶሚኒየም ግንባታ

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ወጪን ለመቀነስ አስቀድመው የተሠሩ የወለል ተሸካሚዎችንና ብሎኬቶችን ተጠቅሟል። ብዙዎቹን ያመረቱት በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን የሕንፃው ጥንካሬ በግንባታው ቦታ ብቻ ሳይሆን በማምረቻው በሚደረግ የጥራት ፍተሻም ይወሰናል፤ በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ብረት ከተገጠመ በኋላ በዓይን አይታይምና።

የሌላ አገር ልምድ

በአሜሪካ በፋብሪካ ተሠርተው በሻንሲ ላይ ለሚጓጓዙ ቤቶች ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል የደኅንነት ደረጃ ይሠራል። ፍተሻው የሚካሄደው በፋብሪካው ሲሆን፣ ያለፈው ቤት ምልክት ይለጠፍበታል። ብዙ ክፍለ ግዛቶች የገዢዎችን አቤቱታ ይቀበላሉ፣ አተካከሉንም ይቆጣጠራሉ። በኢትዮጵያው አዋጅ ግን ክብደቱ ያረፈው በፈቃድና በግንባታ ቦታ ክትትል ላይ ነው።